ለየኔሰው የመጣ ውሃ

ቄሰ ገበዝ አሥራተ ማርያም አንቱ መባል የሚገባው ሰው ነው። ቄስ ነው፣ መስቀል ይዟል፣ የደብሩ ንብረት ሁሉ በእጁ ነው። ግን በኅዳር ሚካኤል ከሠራው ሥራ ወዲህ አንቱታው ከአፍ አልወጣ ብሏል፤ ለዚህ ወግ ያህል አንተ እንበለው። እሱም አይቀየምም።

ከሰቆጣ ወጣ ብሎ ባለው የሚካኤል ደብር፣ ከቤተ ክርስቲያኑ በስተሰሜን፣ የድንጋይ ክምር ነበረ። እንዲያው ዝም ብሎ ክምር እንዳይመስላችሁ። ከአጥቢያው ለጦርነት ሄዶ አስከሬኑ ላልተመለሰ ሰው፣ አባቱ ወይም ወንድሙ ከገዛ ማሳው አንድ ድንጋይ ፈንቅሎ፣ በአህያ ሳይጭን በትከሻው ተሸክሞ አምጥቶ እዚያ ያኖርለታል። መቃብር የለውምና መቃብሩ ያ ነው። ከጣሊያን ጊዜ ጀምሮ እስከ ትናንትናው ጦርነት ድረስ እንዲህ ሲደረግ ኖሯል። ስም አልተጻፈበትም፤ የወለደ ያውቀዋል። በኅዳር ሚካኤል ደግሞ ባለ ሐዘኑ፣ ወደ ቆላ ወደ አበርገሌ ወርዶ የሚኖረው እንኳ ሳይቀር፣ ከቤቱ ምንጭ በቅል ውሃ ቀድቶ ይመጣና ድንጋዩን ያጥባል። ውሃ ጠምቶት ሞቶ ይሆናል ብሎ ነው።

አምና አንድ የቅርስ ባለሙያ መጥቶ ክምሩን ፎቶ አነሳና፣ ይህ ትልቅ ቅርስ ነው፣ እንዳለ ይቆይ፣ አትንኩት ብሎ ሄደ። አሥራተ ማርያም ከዚህ ሁሉ የሰማው ቅርስ የምትለዋን ብቻ ነው። ቅርስ ከሆነማ ማማር አለበት! በጎረቤቱ ወረዳ በደሃና አንድ ደብር የሚያብረቀርቅ ሐውልት ማቆሙን አይቶ ቅናት አንጀቱን ሲበላው ከርሟል። ለበዓሉ ከከተማ እንግዶች ይመጣሉ፤ ይሄን የድንጋይ ቁልል ምን ብሎ ያሳያቸው?

ሰው ሁሉ ለአጨዳ ማሳ ላይ በተበተነበት ሰሞን ክምሩን አፍርሶ ሐውልት እንዲያቆምለት ግንበኛውን ይግዛውን ጠራ። ጊዜውን የመረጠው እያወቀ ነው። ሽማግሌው አቶ ቅጣው ግን ሰምተው መጡ፤ ባለቤቶቹ ለበዓሉ ይምጡና ይጠየቁ፣ እስከዚያ ይቆይ ብለው ለመኑት። አሥራተ ማርያም ግን፣ የእኔም ወንድም የኪዳኑ ድንጋይ አለበት፣ ከእኔ በላይ ለእነሱ የሚያስብ የለም፣ ድንጋይ ደግሞ ድንጋይ ነው አላቸው። ሽማግሌው ጋቢያቸውን ሰብሰብ አድርገው ሄዱ።

የኪዳኑ ድንጋይ መኖሩስ እውነት ነው። አባቱ ተሸክመው ሲያመጡት አሥራተ ማርያም ለትምህርት ጎንደር ነበር፤ መንገድ ተዘግቶበት ቀረ። ሲመለስ አባቱም አርፈው ደረሰ። የትኛው እንደሆነ ማንንም አልጠየቀም። ውሃ ማፍሰሱንም የባላገር ነገር እያለ ያጣጥለው ነበር።

ይግዛው ድንጋዮቹን በመዶሻ እየፈረካከሰ ለሐውልቱ መሠረት ሞላቸው። በላዩ ሲሚንቶ ገረፈ፣ በሲሚንቶው ላይ ነጭ ሴራሚክ ለጠፈ። ሳይሰበሩ የተረፉትን ጥቂቶች ከዕቃ ቤቱ ጀርባ ጣሏቸው። አሥራተ ማርያም ሐውልቱን ዞሮ ዞሮ አየና አንጀቱ ቅቤ ጠጣ።

በዓሉ ደረሰ። ታቦቱ ከገባ በኋላ እንግዶቹ ሐውልቱን አድንቀው ፎቶ ተነሱ። ቀጥሎ ባለ ቅሎቹ መጡ። ቅላቸውን እንደያዙ በነጩ ሐውልት ዙሪያ ቆሙ። አንድም ሰው አልጮኸም፤ ቢጮኹበት ይሻለው ነበር። አንዳንዱ ውሃውን ሴራሚኩ ላይ ደፍቶ ሄደ፣ አንዳንዱም እንደያዘው ተመለሰ።

በመጨረሻ እማማ ወለተ ሚካኤል ብቻ ቀሩ። ዓይናቸው ከደከመ ቆይቷል፤ ከአበርገሌ ያን ሁሉ አቀበት በትራቸውን ተመርኩዘው፣ ከመንገደኛ ጋር ነው የወጡት። አንድ ልጃቸው የኔሰው ዘምቶ ቀርቷል። አባትም ወንድምም ስላልነበረው ድንጋዩን ያኔ በጀርባቸው አዝለው ያመጡት እሳቸው ራሳቸው ናቸው። አሁን ሐውልቱን በእጃቸው ዳሰሱት፤ ልሙጥ ሆነባቸው።

“አባ፣ የኔሰውን የት አደረጋችሁብኝ?” አሉት።

እውነቱን ሊናገር አፉን ከፈተ። ግብዣውን የሚጠብቁት እንግዶች ግን ገና በር ላይ ናቸው፤ አያቸውና አፈረ። ማፈር ሰውን ሁልጊዜ ወደ እውነት አይወስድም፤ እሱን ወደ ዕቃ ቤቱ ጀርባ ወሰደው። ከተረፉት ድንጋዮች ደህና የመሰለውን መርጦ፣ ደረቱ ላይ ታቅፎ አመጣና እግራቸው ሥር አኖረው።

“ይኸውልዎት፣ እማማ። ለብቻው አስቀምጬልዎት ነበር።”

እማማ ወለተ ሚካኤል መሬት ላይ ተቀመጡ። ድንጋዩን እንደ ሕፃን ራስ በሁለት እጃቸው እያገላበጡ ዳሰሱት። አሥራተ ማርያም፣ ጌታዬ አንዴ ብቻ ሰውረኝ እያለ በልቡ ይለምናል። ቄስ ለውሸቱ ሲጸልይ! ፊታቸው ፈታ ሲል አይቶ፣ ተረፍሁ አለ።

“ይሄንንማ አውቀዋለሁ” አሉ። “ጎኑ ላይ ጎድጎድ ያለ ነገር አለው። ከየኔሰው አጠገብ የነበረው ነው። አባትዎ ሲያመጡት መንገድ ላይ አብረን ነበርን፤ እሳቸው የልጃቸውን፣ እኔ የልጄን ተሸክመን።”

አሥራተ ማርያም ጎንበስ ብሎ ጎድጓዳውን አየ።

“የወንድምዎ የኪዳኑ ነው፣ አባ። አባትዎ ካረፉ ወዲህ የሚያጥበው ሰው ቢጠፋ፣ ከየኔሰው ውሃ እያስተረፍሁ በየዓመቱ የማጥበው እኔ ነኝ።”

መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠው በወደደ። የገዛ ወንድሙን ደረቱ ላይ ታቅፎት ሲመጣ አላወቀውም፤ የሰው እናት በጣታቸው ዳስሰው አወቁት።

“የኔሰውስ?” አሉ፤ ድምፃቸው አሁንም አልከረረም።

“ተሰብሯል” አለ። ተሰብሯል ማለቱም ሌላ ውሸት ሆኖ ተሰማውና አረመው። “እኔ ነኝ ያስሰበርሁት፣ እማማ። ከዚህ ሐውልት ሥር ነው ያለው። ዋሸሁዎት።”

እማማ ወለተ ሚካኤል የቅሉን አፍ ፈቱ። በሐውልቱ ላይ የሚያፈሱት መስሎት ነበር፤ እሳቸው ግን ከአበርገሌ ድረስ ለየኔሰው ያመጡትን ውሃ አንዲት ጠብታ ሳያስቀሩ ኪዳኑ ላይ አፈሰሱት። ጎድጓዳውን በአውራ ጣታቸው እሽት እሽት አደረጉት።

ሲነሱ አሥራተ ማርያም በልማዱ መስቀሉን ዘረጋላቸው። ቢሳለሙለት ከዚያ በላይ የሚፈልገው ነገር አልነበረም። መስቀሉ ግንባራቸውን ሲነካቸው እጁን ያዙት፣ ወደ ታች ዝቅ አደረጉትና እርጥቡ ድንጋይ ላይ አሳረፉት።

“እኔን ይተዉኝ። መጀመሪያ እሱን ያሳልሙት” አሉና በትራቸውን ይዘው ወደ በሩ ሄዱ።

አሥራተ ማርያም መስቀሉን ድንጋዩ ላይ እንዳሳረፈ ተንበርክኮ ቀረ። እንግዶቹ ጠፋብን ብለው ሊጠሩት መጡ። ይሄ ደግሞ ምንድን ነው ብለው በጣታቸው ሲያሳዩት፣ ወንድሜ ነው ማለት አቃተው።