ኦኩሙ ያልደረሰበት ጉድጓድ

በሬዎቹ ግቢውን ጥሰው ገቡ። ጎረምሶቹ ከኋላቸው ጦር እየሰበቁ የሙዙን ግንድ ይወጋሉ፣ የጎጆውን ክዳን ይቦጫጭቃሉ፤ እንደ አገሩ የለቅሶ ልማድ ኦኩሙን የወሰደውን ሞት ከመንደሩ አባረው ሐይቁ ውስጥ ሊከቱት ነው። የለቅሶው ሦስተኛ ቀን ነበር።

አዊኖ ከእናቷ ጎን መሬት ላይ ተቀምጣ የወንድሟን የኦኩሙን ገዳይ በዓይኗ ትከተላለች። ከሁሉም በላይ የሚፎክረው እሱ፣ ዓሣ አጥማጁ ኦሴዌ ነው። መጀመሪያ በመቅዘፊያ ማጅራቱን ያለው እሱ እንደሆነ ለቀስተኞቹ ሹክ ብለዋታል። ሌሎቹ ተከትለው ቀጠቀጡት። ፖሊስ ሲመጣ ግን ያየ ሰው አልተገኘም።

ኦኩሙ የጤና ተቆጣጣሪ ነበር። ኮሌራ ሲገባ ጉድጓዶቹን እየዞረ ክሎሪን ጨመረባቸው። "የሚመርዘን እሱ ነው" ተባለ።

አዊኖ ደግሞ የክሊኒኩ ነርስ ናት። ኦኩሙ በተገደለበት ቀን ዋዜማ፣ አንድ አልጋ ላይ ሁለት ሁለት በሽተኛ አስተኝታ ሳለች ብቅ ቢል ጮኸችበት።

"እኔ ሰው እየሞተብኝ አንተ ውሃ ለውሃ ትዞራለህ?"

"አንቺ ዐሥር ታድኛለሽ፤ አንድ ጉድጓድ ሃያ ይልክልሻል" አላት። "አንቺ ባትኖሪ እነዚህ ያልቃሉ። እኔ ባልዞር አንቺ አትችያቸውም።"

ፊቷን ወደ በሽተኞቿ አዞረች። ከዚያ ወዲያ አልተነጋገሩም።

ኦሴዌ ጦሩን ሊወረውር እጁን እንዳነሣ ተዝለፍልፎ ወደቀ። የሩዝ እጣቢ የመሰለ ትውከት ደረቱ ላይ ወረደ። የአጎቷ ልጅ ኦንዲቲ ደርሶ ጦሩን ጉሮሮው ላይ ደገነ።

"ሞትን ስናሳድድ ይኸው አገኘነው" አለ።

አዊኖ ዘልላ የጦሩን ስለት በመዳፏ ጨበጠች። ደሟ በክርኗ ተንጠባጠበ።

"ልቀቂለት" አሉ እናቷ። "ልጄን በልቶብኛል፤ ይሙት።"

"እኔም እንዲሞት እፈልጋለሁ እማዬ" አለች። "ኦንዲቲ፣ በእግሩ በኩል ያዝ።"

ክሊኒኩ ውስጥ ሁለተኛው ግሉኮስ ሲያልቅ ኦሴዌ ዓይኑን ገለጠ። አዊኖን ሲያያት ፊቱን ወደ ግድግዳው መለሰ።

"ውሃ ከየት ጠጣህ?"

"ግደይኝ።"

"ከየት ጠጣህ ነው የምልህ።"

"ከገደሉ ሥር ካለው ጉድጓድ። ወንድምሽ እዚያ አልደረሰም ነበር። ንጹሕ እሱ ብቻ ነው ብለን መንደሩ ሁሉ ከዚያ ይቀዳል።"

አዊኖ መርፌውን ከክንዱ ልትነቅለው እጇን ሰደደች። ግን ጠብታውን አስተካከለችና ወጣች።

ገደሉ ሥር ሴቶች ጀሪካን ይዘው ተሰልፈዋል።

"ይኼ ውሃ ከዛሬ ጀምሮ አይቀዳም" አለች።

"አንቺም እንደ ወንድምሽ ልትሆኚ ነው?" አለች ከፊት የቆመችው አሮጊት።

አዊኖ ወገቧ ላይ ያሰረችውን የሐዘን ጥቁር ጨርቅ ፈታች፤ አንዱን ጫፍ ከዛፉ ቋጠረች፣ ሌላውን በጉድጓዱ አፍ ላይ ወጥራ ማዶ ወደተተከለው ካስማ ወሰደች። የቆሰለው እጇ አልታዘዝ ብሎ ቋጠሮው ሁለት ጊዜ ተፈታባት።

አሮጊቷ ጀሪካኗን መሬት አስቀምጣ መጣችና ጫፉን ያዘችላት።