የቄስ ምሳው ሚስት ቁጭ ብድግ

ወለተ ሰንበት አበደች የሚለውን ወሬ ያስነሣችው ጎረቤቷ ባንቺ ናት። ባንቺ ክፉ ሰው ሆና አይደለም፤ በአጥሩ ቀዳዳ ያየችው ነገር ከአቅሟ በላይ ሆኖባት እንጂ። የቄስ ምሳው ባለቤት፣ የተከበረችው ሴት፣ በጠራራ ፀሐይ ግቢዋ መካከል ቆማ አሸዋ የሞላቻቸውን ሁለት የሃይላንድ ጠርሙሶች ታነሣለች፣ ታወርዳለች። ከዚያ ዱካ ላይ ቁጭ ትላለች፤ ትነሣለች፤ ደግሞ ቁጭ። ይባስ ብሎ መስኮቱን «እሺ ልጄ፣ ወገቤን አቅንቻለሁ» ትለዋለች።

ባንቺ ነጠላዋ መሬት እየጠረገ ወደ ቤተ ክርስቲያን ሮጠች።

«አባ ይድረሱ! ያ በሽታ ከጡቷ ወጥቶ ራሷ ላይ ገባ!»

ነገሩ እንዲህ ነበር። ወለተ ሰንበት የጡት ካንሰር ይዟት በቀዶ ጥገናና በመድኃኒት ድናለች። ተመልሶ እንዳይመጣባት የምትውጠው ኪኒን ግን አጥንት ያሳሳል። ሐኪሙ ይህን ሲነግራት፣ «ከካንሰር ያመለጥሁ ሰው በኪኒን ልሰበር?» ብላ ተቆጣችው። እሱም ባሕር ዳር ከምትኖር ፅዮን ከምትባል ባለሙያ ጋር አገናኛት። ፅዮን ከካንሰር የዳኑ ሴቶችን ከየከተማው በስልክ ሰብስባ፣ በቪዲዮ እያየቻቸው አጥንት የሚያጠነክር ስፖርት ታሠራቸዋለች። ወለተ ሰንበት ስልኳን መስኮቱ ላይ አስደግፋ፣ ኔትወርኩ እስከፈቀደላት ድረስ ትሠራለች። ለባሏ አልነገረቻቸውም። ቄስ ምሳው አንዴ የቀልድ ቀዳዳ ካገኙ እስከ ፋሲካ እንደማይለቋት ታውቃለችና።

ቄስ ምሳው ጠበል በጆግ ይዘው ደረሱ። ሚስታቸው እጇን ዘርግታ ስታንቀጠቅጥ ሲያዩ ምንም አልጠየቁም፤ «በስመ አብ!» ብለው ከኋላዋ ቸለሱባት። እሷ ጮኸች። ከመስኮቱ የብዙ ሴቶች ሳቅ ፈነዳ።

«ወይኔ፣ ስልኩም ውስጥ አሉ!» አለች ባንቺ።

«ሰይጣን አይደለንም፤ ፅዮን ነኝ» አለ ከስልኩ የመጣው ድምፅ። «አባታችን ይፍቱኝ። እናታችን ግን ውሃውን ስፖርቱን ሲጨርሱ ቢጠጡት ይሻላቸው ነበር።»

ወለተ ሰንበት ፊቷን እየጠረገች ሁሉንም ነገረቻቸው።

«እና ለምን ደበቅሽኝ?»

«ይሥቁብኛል ብዬ ነዋ!»

«መሣቁንማ እሥቃለሁ። ማኅሌት ቆሞ የሚያድር ሰው ቤት ውስጥ መቆም በስልክ ትማሪያለሽ?»

«እርስዎማ መቋሚያ ተደግፈው ነው።»

ከስልኩ እልልታ ተሰማ። ፅዮንም፣ «እስቲ አባታችን፣ እጅዎን ደረትዎ ላይ አጣምረው ከዱካው ይነሡ» አለች።

ይህ ምን ያቅታል ብለው ተቀመጡ። ግማሽ መንገድ ተነሥተው ተመለሱ። ሁለተኛ ሲሞክሩ ዱካው ተገለበጠና ከነክብራቸው መሬት ላይ አረፉ፤ ጥምጥማቸው ብቻውን ወደ በሩ ተንከባለለ። ባንቺ አፏን በነጠላዋ ያዘች። ወለተ ሰንበት እግሯን ከፈት፣ ወገቧን ቀጥ አድርጋ እጇን ሰጠቻቸውና ብድግ አሉ።

እጇን ወዲያው አልለቀቁትም። በሕመሟ ጊዜ ከአልጋ ወደ ባጃጅ ተሸክመው ያወጧት እሳቸው ነበሩ፤ ያን ቀን እንደ ገለባ ቀልላባቸው፣ እንባቸውን ለመደበቅ ፊታቸውን አዙረው ነበር። እሷም አይታቸዋለች፤ አንድም ቀን አንሥታባቸው ግን አታውቅም።

«በርትተሻል» አሏት በዝግታ። ወዲያው ወደ ስልኩ ዞሩ። «ልጄ፣ ለቄስ የሚሆን ቀለል ያለ የለሽም?»

ባንቺ ከዚያ ወዲያ በአጥር ማየቷን ትታ በበር ትገባለች። ካንሰር ነክቷት አያውቅም፤ ግን አጥንት እኮ እኔም አለኝ ትላለች።

በዓመቱ ባልና ሚስት ከሰቆጣ በወልዲያ አድርገው አዲስ አበባ ለአጥንት ምርመራ ወረዱ። እዚያ የመረመረቻት ሐኪም ውጤቱን አይታ፣ «ደስ ይበልዎት፤ አጥንትዎ ባለበት ነው፤ አልሳሳም» አለቻት።

«ይህን ሁሉ ተነሥቼ ተቀምጬ ባለበት?» ወለተ ሰንበት ተኮሳተረች።

«ይህን ኪኒን እየወሰዱ ባለበት ማቆየት ትልቅ ነገር ነው፣ እማማ።»

ወለተ ሰንበት ነገሩ ሲገባት ቄሱን በክርኗ ጎሸም አደረገቻቸው።

ሰቆጣ መናኸሪያ ሲደርሱ ቄስ ምሳው እንደ ልማዳቸው ደግፈው ሊያወርዷት እጃቸውን ዘረጉ። እሷ ግን ቀድማ ወርዳለች። ሻንጣዋን በአንድ እጇ እንደያዘች ሌላውን ወደ እሳቸው ዘረጋች።

«ቀስ ይበሉ፣ ደረጃው ከፍ ይላል።»

ቄሱ ወደ ተሳፋሪው ዞረው፣ «ሰዎች፣ ይህን ለማንም አታውሩብኝ፤ ሚስት ብዬ ያገባኋት ወያላ ወጣችልኝ» አሉና እየሣቁ እጇን ይዘው ወረዱ።