ከምሳ በኋላ የምትነቃ አበባ

ለሥራ አስኪያጃችን የላክሁት ግብዣ «ጠዋት በአራት ሰዓት» ይላል። የዚያን ዕለት በጠዋት ተነሥቼ ሸሚዝ ስተኩስ እናቴ «ምነው፣ አመመህ እንዴ?» ብላ ግንባሬን ዳሰሰች።

የምሠራው በአንድ የዕፅዋት ማዕከል ነው። ከግቢው ጥግ በአጥር የተከለለች፣ ቁልፏ እኔ ኪስ ብቻ ያለ መደብ አለችኝ። ከየአገሩ የተሰበሰቡ፣ አይሪስ የሚባሉ የዱር አበቦችና ዘመዶቻቸው ይኖሩባታል። በረዶ ሥር ከርሞ ብቅ የሚል አለ፤ እግሩን ረግረግ ውስጥ ካልነከረ የማይመቸው አለ፤ ውኃ ሲበዛበት ተበሳጭቶ የሚበሰብስ የበረሃ ኩሩም አለ። አበባ ሻጮች የሚሸጡት ግላዲዮለስና ቅመሙ ሳፍሮን ሳይቀሩ የዚሁ ቤተሰብ ናቸው። ባጭሩ ሠርግ ላይ እንደሚገናኝ ዘመድ ነው፤ አያቱ አንድ፣ ጠባዩ ሺህ።

አስተዳደሩ ግን መደቧን ለመኪና ማቆሚያ ፈለጋት። ሥራ አስኪያጃችን ከመወሰናቸው በፊት አንዴ እንዲያዩልኝ ለመንኋቸው። እሷ ከሄደች እኔም ሄጃለሁ፤ ከአይሪስ በቀር የማውቀው የለም። ሁለተኛ ዲግሪዬን ስሠራ እናቴ ለጎረቤት «ልጄ ሣር ነው የሚማረው» ትል ነበር።

ወቅቱ ደግሞ አልቋል። አብዛኞቹ አበባቸውን አራግፈው ሰይፍ የመሰለ ቅጠላቸውን ብቻ አቁመዋል። የቀረችኝ ከሩቅ ምሥራቅ ኮረብታዎች የመጣች፣ ዘግይታ ሐምራዊ የምታብብ አንዲት አይሪስ ናት። ሰሞኑን በየቀኑ ፈክታ ነው የምትጠብቀኝ። «ሙሽራዬ» እላታለሁ።

ሥራ አስኪያጃችን መጡ። ከኋላቸው ኖራ በባልዲ የያዘ ቀያሽ፣ ከቀያሹ ኋላ ደግሞ ወሬ የማያመልጣቸው ዘበኛችን። ቁልፉን በኩራት አዞርኩት።

ሙሽራዬ ተሸፋፍና ተኝታለች። ያለው እምቡጥ ብቻ! የትናንቶቹ አበቦች እንደተጨመቀ መሐረብ ተጠምዝዘው ደርቀዋል።

«ይኸው ነው?» አሉ ሥራ አስኪያጃችን።

«ትንሽ ዓይን አፋር ናት።»

«ሣር ነው እኮ የምታሳየኝ!»

እናቴን በስልክ ያማከሩ መሰለኝ። ሲጨንቀኝ አፌ ይፈታል፤ ስለ ሥሯ፣ ስለ ዘሯ፣ ስለ ቅድመ አያቷ ለፈለፍኩ። ቀያሹ እያዛጋ የመጀመሪያውን የኖራ መስመር ነሰነሰ።

«እኔን የገረመኝ አበባዋ አይደለችም» አሉ ዘበኛው። «ዶክተር፣ አንተንስ በዚህ ሰዓት እዚህ ማን አይቶህ ያውቃል?» ዶክተር የሚሉኝ ዶክተር ስላልሆንኩ ነው።

ሦስቱም ሳቁ። እኔ ግን ክው አልኩ። እውነት ነው፤ ሙሽራዬን ጠዋት አይቻት አላውቅም። ጠዋት ምን ትሁን ምን፣ እኔ አልጋዬ ውስጥ ነኝ።

ዝም ካልኩ መደቧ ኖራ ለብሳ ቀረች፤ ከተናገርኩ ደግሞ ጉዴ ፈላ። ባልዲው እንደገና ዘንበል ሲል አፌ ቀደመኝ።

«እባክዎ በዘጠኝ ሰዓት ይመለሱ። ያን ጊዜ ትከፈታለች።»

«በምን አወቅህ?»

«ሥራ ስገባ... ሁልጊዜ ተከፍታ ነው የማገኛት።»

የቀያሹ ማዛጋት መሃል ላይ ቆመ።

«ሥራ የምትገባው በዘጠኝ ሰዓት ነው?»

«ስቸኩል በስምንት ተኩልም እገባለሁ።»

ሥራ አስኪያጃችን ቀያሹን አስከትለው ሄዱ። ምሳ አልበላሁም፤ እምቡጡ ፊት ተቀምጬ «ዛሬን ብቻ አታሳፍሪኝ» ስል ቆየሁ።

በዘጠኝ ተመለሱ። አንዱ እምቡጥ ጫፉ ላላ፤ የአበባዋ ቅጠል ፈገግ እንደሚል ከንፈር ቀስ ብላ ወደ ኋላ ተለጠጠች። ከዚያ ሌላው፣ ከዚያ ሌላው። ሥራ አስኪያጃችን ጫማቸው ኖራ እየነካ ቁጢጥ ብለው ቀሩ። ቀያሹ ባልዲውን አስቀምጦ ፎቶ ሊያነሣ ስልኩን አወጣ።

«እስከ መቼ ትቆያለች?» አሉ ሥራ አስኪያጃችን በዝግታ።

«እስኪመሽ። ነገ ተረኛው ሌላ እምቡጥ ነው።»

«እሷስ ዕድሜዋ ከሰዓት በኋላ ብቻ ነው፤ ይቅር እንላታለን። አንተን ግን ምን እንበልህ?»

በጠዋት የተኮስኩትን ሸሚዝ ኮሌታ አስተካከልኩ።

«መደቧ ትቆይ» አሉ እየተነሡ። «ጎብኚም ከሰዓት በኋላ ይግባ። አንተ ግን ከነገ ጀምሮ ጠዋት ጠዋት እዚህ ተቀምጠህ፣ እሷም፣ ወቅታቸው ሲመለስ የቀሩት ዘመዶቿም በስንት ሰዓት እንደሚነቁ ታያለህ።»

ያዳንኳት አበባ መስክራ አስፈረደችብኝ ማለት ነው። አሁን ማለዳ ማለዳ እያንቀላፋሁ እጠብቃታለሁ፤ እሷ ተሸፋፍና ትተኛለች። ዘበኛው ባጠገቤ ሲያልፉ «ቀስ በል ዶክተር፣ እንዳትቀሰቅሳት!» ይላሉ።

እናቴ ደግሞ ግንባሬን መዳሰሱን ትታለች። ለጎረቤት የምትናገረው ግን ተቀይሯል፦ «ሠላሳ ዓመት ቀስቅሼ ያቃተኝን ልጅ ሣር አስነሣልኝ!»