የአንዲት ፊደል ቁጣ

ጡረተኛው ትሬፎር ጨርቁን ከነሐሱ ሰሌዳ ላይ ገፈፈና «ይኸው፣ ናቁን» አለ።

በጸሎት ቤቱ አዳራሽ የተሰበሰቡት ጡረተኞች አንገታቸውን አሰገጉ። ሰሌዳው ከአሜሪካ የመጣ ነው፤ ጡረተኞቹ የሠሩበትን የዌልስ አሉሚኒየም ማቅለጫ ፋብሪካ ከዘጋው ኩባንያ። በሥራ ላይ ለሞቱት መታሰቢያ ሆኖ ነገ ሊመረቅ ነው። በብሪታኒያ አጻጻፍ «አሉሚኒየም» መባል ሲገባው ግን አንዲት ፊደል ጎድሎ «አሉሚነም» ተብሎ ተቀርጿል።

«እኛ አገር የሚጻፈው እንዲህ ነው» አለ ኩባንያው የላከው ብሬት፣ በትሕትና።

«የሞቱት እናንተ አገር ነው እንዴ?» አለ ትሬፎር፣ ጠረጴዛውን እየደበደበ።

አዳራሹ ታመሰ። ከፈረስ ውርርድ ወረቀት በቀር ምንም ጽፎ የማያውቀው ኢምሪስ ሳይቀር ስለ ፊደል ክብር ንግግር አደረገ። ብሬት ስልኩን ይዞ ወጣ።

ነገ ጨርቁን እንድትገልጥ የተመረጠችው ኔስታ ግን የሟቾቹን ስሞች ነበር የምታነበው። ደግማ አነበበች።

«ኢድዋል የለም» አለች። ባሏ ነው።

ትሬፎር ጉሮሮውን ጠረገ። «ኔስታዬ፣ እሱ እኮ የሞተው ከማቅለጫው በር ውጭ ነው። አውቶቡስ ማቆሚያው ላይ።»

«ሕመሙ የጀመረው ውስጥ ነው። አጠገቡ ነበርክ።»

«ነበርኩ።»

«ታዲያ ለምን ቶሎ አልወጣም?»

መልሱን ሁሉም ያውቁታል። የፈረቃ ተተኪው ሳይመጣ እቶን ጥሎ የሚወጣ ሰው በዚያ ማቅለጫ አልነበረም፤ እቶን ከቀዘቀዘ የቀለጠው ሁሉ ውስጡ ይረጋል። ኢድዋል ደረቱን ይዞ ተተኪውን ጠበቀ፣ እቶኑን አስረከበ፣ በሩን አለፈና ወደቀ።

ብሬት ፈገግ ብሎ ተመለሰ። «ፊደሉ ይስተካከላል። ምረቃው ይራዘምና ሰሌዳው እንደገና ይቀረጻል።»

አዳራሹ በጭብጨባ ተናጋ።

«እንደገና የሚቀረጽ ከሆነ አንድ ስም ጨምሩ» አለች ኔስታ።

«እመቤቴ፣ ስም የሕግ ጉዳይ ነው። ፊደል ቀላል ነው።»

ኔስታ ትሬፎርን አየችው። እሱ ሰሌዳውን አየ።

«መጀመሪያ ይቺን ፊደል እንጨርስ» አለ ትሬፎር ዝቅ ባለ ድምፅ። «ሁሉን ባንዴ ከጠየቅን ይቺንም ይከለክሉናል።»

«ለይቺማ ጠረጴዛ ደብድበሃል» አለችና ተነሣች። «አዲሱ ሲመጣ ጨርቁን ሌላ ሰው ይግለጠው። እኔ የዚያን ቀን አውቶቡስ ማቆሚያው ላይ ነኝ።»

«ማቅለጫው ከተዘጋ ወዲህ እኮ አውቶቡስ በዚያ አያልፍም» አለ ኢምሪስ።

«አውቃለሁ» አለች ኔስታ፣ የካፖርቷን ቁልፎች እየቆለፈች።