የሦስት መቶ ደረጃ አባት

አራተኛው ሰው የቲሞንን እጅ ጨብጦ «እንኳን ደስ አለህ» ሲለው፣ ቲሞን ለሦስቱ እንደመለሰው ሁሉ «አመሰግናለሁ» ብሎ መለሰ። ስለ ምን እንደሚያመሰግን ግን አላወቀም።

አራተኛው ሰው ቁመተ ረጅም ሽማግሌ ነበሩ። የቲሞንን እጅ ለቀቁና ወደ ካሊና ዞረው ጉንጯን ሦስት ጊዜ ሳሟት፤ እሷንም እንኳን ደስ አለሽ አሏት። ካሊናም ምንም ሳይደንቃት፣ እርስዎንም እንኳን ደስ አለዎት ብላ የኬክ ሳህኖቹን ይዛ ወደ ወጥ ቤት ገባች። ከሽማግሌው ኋላ ጸጉሯን አጭር የተቆረጠች ጎረቤት ቆማ ነበር። እሷም እጇን ዘረጋች። «እንኳን ደስ አለህ!»

ቲሞን ግራ ገባው። ቤቱ የወይዘሮ ያኮባ ነው። ካሊና ዴልፍት ከተማ መጥታ የውሃ ምህንድስና ስትማር ሁለት ዓመት የኖረችው እሳቸው ቤት ፎቅ ላይ ባለች አንዲት ክፍል ነው። ዛሬ ስልሳ ስምንት ዓመት ይሞላቸዋል። ልደት መሆኑን ቲሞንም ያውቃል፤ ከፖላንድ፣ ከከተማው ከቶሩን ድረስ ያመጣውን የዝንጅብል ብስኩት ሰጥቷቸው መልካም ልደት ብሏቸዋል። ይህ ያለ ነገር ነው። እሱ ግን ምን አግኝቶ ነው ሰው ሁሉ እንኳን ደስ አለህ የሚለው?

ነገሩ እንዲህ ነው። የዚያ አገር ሰው በልደት ቀን ደስታውን የሚገልጸው ለባለ ልደቱ ብቻ አይደለም። ለባልም፣ ለልጅም፣ ለጎረቤትም፣ ፎቅ ላይ ለምትኖረው ተማሪና ሊጠይቃት ለመጣው ወዳጇም ጭምር ነው። ክብ ሠርተው በተቀመጡት ወንበሮች ዞሮ እያንዳንዱን ሳይጨብጥ የሚቀመጥ የለም። ካሊና ይህን ከለመደችው ስለቆየች ለቲሞን መንገር እንዳለባት እንኳ ትዝ አላላትም።

ጎረቤቲቱ ከቲሞን አጠገብ ተቀመጠችና ካሊና ከጓዳ ወንበር ተሸክማ ስትመጣ አይታ በክርኗ ጎሸም አደረገችው።

«እሷ እየተሸከመች አንተ ቁጭ ብለህ ኬክ ትበላለህ? ጎሽ፣ ጀግና።»

ሰዎቹ ሳቁ። ቲሞን ብድግ ብሎ ወንበሩን ተቀበላት። ኬክ ሲሰጧት ደግሞ ካሊና እጇን ሆዷ ላይ አድርጋ ዛሬስ አልቻልኩም ብላ መለሰች። ቲሞን ይህንንም አየ።

ከዚያ ቤት ሲወጡ ከረፋዱ አምስት ሰዓት አልፎ ነበር። የቀራቸው ቦታ አንድ ነው፤ የአደባባዩ ቤተ ክርስቲያን ግንብ። በሦስት ቀን ውስጥ ቦዮቹን፣ የነፋስ ወፍጮውንና ሰማያዊ ሸክላ የሚሳልበትን ቤት አይተው ጨርሰዋል። ቲሞን ግንቡን ለመጨረሻ ያስቀረው ሆን ብሎ ነው። የትራም ሾፌር ነው፤ አለቃውን ለምኖ ያገኘው ፈቃድ አራት ቀን ብቻ ነው፤ ነገ ይመለሳል። ለካሊና የሚነግራት ነገር ነበረው። በቶሩን፣ ከትራም ማደሪያው ብዙ ሳይርቅ፣ ሁለት ክፍል ያለው ቤት አግኝቷል። አከራይዋ ወይዘሮ ዳኑታ እስከ ዛሬ ሰባት ሰዓት ድረስ መልስ ይጠብቃሉ። ካሊና በበጋው ትምህርቷን ስትጨርስ አብረው ይገቡበታል። ትመጫለሽ ወይ ብሎ ሊጠይቃት ያሰበው እላይ፣ ነፋሱ ውስጥ ነበር።

ደረጃው ጠባብ ነው፤ የሚወጣና የሚወርድ ሰው ከተገናኘ አንዱ ግድግዳ ላይ መለጠፍ አለበት። ሦስት መቶ ሰባ ስድስት ነው ብላ ካሊና ስለነገረችው ቲሞን እየቆጠረ ይወጣል። እሷ ፊት ፊት ትሄዳለች። ከኪሷ እያወጣች ጥቁር ከረሜላ አፏ ውስጥ ትጥላለች፤ ጨው ያለበት፣ የአገሩ ሰው የሚወደው፣ ቲሞን ትናንት ቀምሶ የተፋው ከረሜላ ነው። ካሊና ድሮ እንዲህ ያለውን ነገር በአፏ አታዞርም ነበር።

አምሯታል ማለት ነው፣ አለ ቲሞን በልቡ።

ሰባ ስድስተኛው ደረጃ ላይ ነበር። እግሩ ባለበት ቀረ። አምሮት፤ ኬክ አልቻልኩም ማለቷ፤ ወንበር አትሸከም መባሉ፤ አሥራ አራት ሰው እጁን እየጨበጠ እንኳን ደስ አለህ ማለቱ። ለፈረንጆቹ አዲስ ዓመት ቶሩን መጥታ ነበር። ጥር፣ የካቲት፣ መጋቢት እያለ በጣቱ ቆጠረ። ይገጥማል።

«ደከመህ እንዴ?» አለች ካሊና ከላይ።

«ቦርሳሽን አምጪው።»

«ምን አለው ብለህ ነው? ውሃና ጃንጥላ ነው ያለው።»

«አምጪው አልኩሽ።»

ሰጠችው። ከዚያ በኋላ በየሃያው ደረጃ ቁጭ በይ ይላት ጀመር። ለራሱ ትንፋሽ አጥሮት እሷን አይዞሽ ይላታል። ካሊና ሦስት ቀን ሙሉ የተራመደበትን እግር አይታ፣ ሾፌር መቼም ተቀምጦ ስለሚውል ነው ብላ አሾፈችበት። ቲሞን አልሰማትም። እሱ በዚያች ሰዓት ትራሙ ውስጥ ነበር። ጋሪ የምትገፋ እናት ስትመጣ በመስታወቱ እያየ በሩን ሳይዘጋ የሚጠብቅ ሾፌር ነው፤ ስንቷን ጠብቋል። አሁን በመስታወቱ ውስጥ ጋሪ እየገፋች የምትመጣው ካሊና ሆና ታየችው። ሁለቱ ክፍል ይበቃል? ይበቃል። መስኮቱ ፀሐይ የሚገባበት ለልጁ ይሁን። እናቱ ስትሰማ ምን ትል ይሆን? ወንድ ከሆነ በአያቱ ስም እጠራዋለሁ አለ፤ ሴት ከሆነች ግን ካሊና ታውቅበታለች።

እንዲህ እያለ ሦስት መቶ ደረጃ ወጣ።

እላይ ነፋሱ ኃይለኛ ነበር። ከታች ጣሪያው ሁሉ ቀይ ነው፤ በቦዮቹ ዳር ብስክሌቶች እንደ ጉንዳን ይተማሉ። ካሊና በጣቷ አንድ ነገር ልታሳየው ስትል ቲሞን እጇን ያዘ።

«ለምን ለእኔ አልነገርሽኝም?»

ነፋሱ የበተነውን ጸጉሯን ትሰበስብ የነበረችበት ሌላው እጇ ባለበት ቆመ። «ማን ነገረህ?»

«ሁሉም ነዋ። እዚያ ቤት የቀረ ሰው አለ? እንኳን ደስ አለህ እያሉ እጄን ሊነቅሉት አልነበረም?»

ካሊና ክው አለች። «እኔ ለወይዘሮ ያኮባ ብቻ ነው የነገርኳቸው። ለአንተ ዛሬ ልነግርህ ነበር፣ በማርያም፤ እዚሁ እላይ። ፈርቼ ነው።»

«ምኑ ነው የሚያስፈራው?»

«ትቆጣለህ ብዬ።»

«እኔ?» ድምፁ ተሰበረ። «ካሊና፣ ደስታው ሊገድለኝ ነው እኮ። ምን ያስቆጣኛል?»

ዓይን ዓይኑን አየችው። ይህን አልጠበቀችም። «እውነት ደስ ብሎሃል?»

«ለምን ደስ አይለኝም? የእኔ አይደለም እንዴ?»

«የአንተ ማለት?»

ቲሞን እጇን ለቀቀ። «የማን ነው ታዲያ?»

«የፕሮፌሰሩ ነዋ።»

ቲሞን ወደ ድንጋዩ አጥር ዘመም ብሎ በሁለት እጁ ያዘው። ከተማው ከታች ዞረ። አንዲት ጎብኚ ሴትዮ ከፍታው የከበደው መስሏት ውሃ ሰጠችው፤ ተቀብሎ ሳይጠጣ መለሰላት።

«የፕሮፌሰሩ» አለ ቀስ ብሎ።

«ጥናቱ የእሱ ነው። ስለ ጎርፍ መከላከያ ግድቦች ነው። እኔ አራት ዓመት ተቀጥሬ አብሬው እሠራለሁ፤ በዚያው ዶክትሬቴን እይዛለሁ። ባለፈው ዓርብ ፈረምኩ። ቲሞን፣ ምን ሆንክ? አሁን ደስ ብሎኛል አላልክም?»

«ምን ጥናት?»

«እንዴ፣ ስለ ምንድን ነው ስናወራ የቆየነው?»

ቲሞን ነገራት። አምሮቱን፣ ወንበሩን፣ ጥር የካቲት ብሎ መቁጠሩን፣ ሁሉንም። ካሊና መጀመሪያ አፏን ያዘች፤ ከዚያ አላስቻላትም፤ ጎንበስ ብላ እንባዋ እስኪወርድ ሳቀች። እየሳቀች የአገሩን ልማድ ነገረችው፤ እንኳን ደስ አለህ ያሉት ወይዘሮ ያኮባ ስልሳ ስምንት ዓመት ስለሞላቸው እንጂ ሌላ ነገር እንደሌለ፣ ከእሳቸው በቀር ስለ ሥራው የሚያውቅ እንደሌለ፣ ኬኩንም የተወችው ሲቀቡት ክሬሙን ስትልስ ስላረፈደች እንደሆነ። ከረሜላውን ደግሞ ዓመት ሙሉ አብረዋት የሚማሩት እየሰጧት ለምዳዋለች።

«ስለዚህ ማንም የለም» አለ ቲሞን።

«የት?»

በአገጩ ሆዷን አመለከተ።

«ከክሬሙ በቀር ማንም» ብላ ፊቱን አየችው። ሳቋ እዚያው ላይ ቆመ። ይህ ሰው ቀልድ አያጣም፤ በራሱ ላይ ከማንም በፊት የሚስቅ ነው። አሁን ግን ዓይኑ ቀልቷል። ማንም ያልሞተበት፣ ማንም ያልተወለደለት ሰው፣ ሐዘንተኛ መስሎ ቆሟል።

«ስም ሳወጣ ነው የወጣሁት» አላት።

ካሊና ክንዱን ያዘች። ትንሽ ቆይቶ ነው ሌላኛው ነገር የገባው።

«አራት ዓመት?»

«አራት።»

«ባለፈው ዓርብ? እኔ ትኬት ቆርጬ፣ ለእናትህ ሰላምታ አድርስልኝ ብለሽ በስልክ ስትስቂ? ያን ዕለት?»

«ከፈረምኩ በኋላ ነው የደወልክልኝ። ልነግርህ አፌን ከፈትኩ፤ አንተ ስለ ቦርሳ ክብደት ስትጠይቀኝ ዘጋሁት።»

«ብትጠይቂኝ ኖሮስ?»

«አትሂጂ ትለኝ ነበር?»

ቲሞን አሰበ። «አልልሽም ነበር» አለ። «ግን ብትጠይቂኝ ደስ ይለኝ ነበር።»

ስለ ቤቱም ያን ጊዜ ነገራት፤ ስለ ሁለቱ ክፍል፣ ፀሐይ ስለሚገባበት መስኮት፣ ወይዘሮ ዳኑታ ሰባት ሰዓት ላይ እንደሚደውሉ። እንደ ጥያቄ አድርጎ ሊያቀርበው የነበረውን ነገር፣ ያለፈ ወሬ እንደሚያወራ ሰው ነው የነገራት። ካሊና ሰማች፤ የሚመለስ ጥያቄ አልነበረውም።

ሲወርዱ እሱ ቀደመ። መሐል ላይ የተማሪዎች መንጋ ሽቅብ እየተንጫጫ መጥቶ ለያያቸው፤ ቲሞን ግድግዳው ላይ ተለጥፎ አሳለፋቸው። ተናድዷል። መናደዱን ያውቃል፤ ግን ንዴቱን ይዞ ልሂድ ሲል ሌላ ነገር ይገባበታል። ያ ደስታ ሐሰት መሆኑን ሰምቶም ጨርሶ አልወጣለትም፤ አብሮት ይወርዳል። የሌለ ልጅ ይናፍቃል እንዴ ሰው? ከዚያ ደግሞ ዓርቡ ይመጣበታል። ከዚያ ደግሞ ግድብ። አራት ዓመት ሙሉ ስለ ግድብ ምን ይጠናል? ጎበዝ ካልሆነች እንደማይወስዷትም ያውቃል፤ ይህም ያኮራዋል፤ መኩራቱም መልሶ ያናድደዋል። ስንተኛ ደረጃ ላይ እንዳለ ጠፋበት።

አደባባዩ ላይ የቅዳሜ አበባ ገበያ ቆሟል። ካሊና ስትደርስበት ቲሞን በቱሊፕ ባልዲዎች መሐል ቆሞ ስልኩ እጁ ውስጥ ይጮሃል። አነሳው። ወይዘሮ ዳኑታ ጮክ ብለው ስለሚናገሩ ለካሊናም ይሰማታል።

«እህስ ልጄ፣ ልስጥህ ወይስ ለሌሎቹ ልስጠው? ሰዎቹ እኮ ደጄ ላይ ቆመዋል።»

ቲሞን መልሱን አላሰበበትም ነበር። ለአንድ ሰው ሁለት ክፍል ምን ያደርጋል? እናቱ ቤት የራሱ አልጋ አለው። ተወው ማለት ቀላል ነው፤ ካሊናም አትፈርድበትም።

«እወስደዋለሁ» አለ።

«ስንት ናችሁ የምትገቡት? ውሉ ላይ የሁላችሁም ስም መግባት አለበት።»

ካሊናን አያት። በበጋ አንድ ወር ትመጣለች፤ ለገና ሁለት ሳምንት። ሌላውን ጊዜ ማንም አያውቀውም።

«ሁለት ነን» አለ።

«የሁለተኛውን ሰው ስምና የመታወቂያ ቁጥር ንገረኝ፤ እየጻፍኩ ነው።»

ቁጥሩን አያውቀውም። ካሊናን ስጪኝ ሊላት ይችል ነበር፤ አላላትም። አንዴ ይጠብቁኝ ብሎ ስልኩን ከጆሮው ትንሽ አራቀ። ዓይኑን አበባው ላይ ተከለ። እሷ ፊት ላይ ቢያደርገው ልመና ይመስልበታል።

ባለ አበባው ሁለት እቅፍ በአንድ ዋጋ እያለ ይጮሃል። ወይዘሮ ዳኑታ በስልኩ ውስጥ ሄሎ፣ ሄሎ ይላሉ።

ካሊና አሁንም እሱ ትከሻ ላይ ተንጠልጥሎ ወደነበረው ቦርሳዋ እጇን ሰደደች። ጃንጥላውን ወደ ጎን ገፋ አድርጋ የገንዘብ ቦርሳዋን፣ ከውስጡም መታወቂያዋን አወጣች። አልሰጠችውም። ስልኩን ግን ከነእጁ ወደ አፏ ሳብ አደረገችና፣ «ደህና ዋሉ ወይዘሮ ዳኑታ፣ እኔ ነኝ ሁለተኛዋ» ብላ ቁጥሩን አንድ በአንድ ታነብላቸው ጀመር።