ለእመቤት የሚሆን ቴርሞስታት

አባባ በረዶ ዕድሜያቸውን ሙሉ ፍሪጅ ሲጠግኑ የኖሩ ሰው ናቸው፤ ቅጽል ስሙንም ያገኙት ከዚያው ነው። ጡረታ ወጥተው ልጃቸውና ምራታቸው ዘንድ መኖር ከጀመሩ ወዲህ ሥራ መፍታት ሊገድላቸው ደርሷል። ምራታቸው የእንስሳት ክሊኒክ ረዳት ናት። አንድ ቀን የመስታወት ሳጥን ታቅፋ ገባች። ውስጡ መርዝ የሌላት፣ ቁመቷ ከክንድ የሚያልፍ ቡናማ እባብ ተጠቅልላለች።

«ባለቤቶቿ ጥለዋት ጠፉ፤ እኔም ጥያት ልምጣ?» አለች።

ባሏ ማንንም ሳያይ ጎንበስ ብሎ ጫማውን ማሰር ጀመረ። ጫማው ማሰሪያ የለውም።

«ወይ እሷ ወይ እኔ!» አሉ አባባ በረዶ።

«እርስዎ ደግሞ! የት ሊሄዱ ነው?»

የሚሄዱበት ስላልነበራቸው ወንበራቸውን ከሳጥኑ አራቁ።

ምራት እባቧን «እመቤት» አለቻት። እመቤትም እንደ ስሟ ተኮፈሰች፤ ምግብ ሲቀርብላት ፊቷን ታዞራለች። እባብ ካልሞቀው የበላው አይፈጭለትም። ስለዚህ ምራት በሳጥኑ ግማሽ ሥር በኤሌክትሪክ የሚሞቅ ምንጣፍ አነጠፈች። አባባ በረዶ ከሩቅ ሆነው መሰለል ያዙ። ልጃቸው ይህን አይቶ «እባብ ለእባብ ይተያያል ካብ ለካብ» ቢላቸው የሰሙት አልመሰሉም። እመቤት ከወለሉ ሸሽታ ውሃ ሳህኗ ውስጥ ተዘፍቃለች። ጠጋ ብለው መስታወቱን ከታች ነካ አደረጉና ጣታቸውን ወዲያው ሰበሰቡ።

«ይህቺን ፍጡር እየጠበስሻት ነው!» ብለው ጮኹ። «ምንጣፉ ይበቃል የሚባል ነገር አያውቅም። ሙቀቱን የሚቆጣጠርለት ቴርሞስታት ያስፈልገዋል።»

«አሳዘነችዎት እንዴ?»

«እኔን ያሳዘነኝ ምንጣፉ ነው።»

አብረው ሱቅ ሄዱ። ሻጩ ሦስት ዓይነት ደረደረላቸው። አንዱ ሙቀቱ ሲበቃ ድርግም የሚያደርግ፣ ሲቀንስ መልሶ የሚያበራ ነው። ሁለተኛው እንደ ራዲዮ ድምፅ ቀስ እያለ ከፍ ዝቅ ያደርጋል። ሦስተኛው ደግሞ ኤሌክትሪኩን እየቆነጠረ ይለቃል። የምራት ዓይን ሁለተኛው ላይ አረፈ።

«እሱ ለአምፖል ነው» አሉ አባባ በረዶ። «አምፖል ብልጭ ድርግም ካለ ቶሎ ይቃጠላል፤ እሷም ትሳቀቃለች። ምንጣፍ ግን ምን ብርሃን አለውና? የመጀመሪያው ይበቃዋል።»

«ከመጀመሪያው ዓይነት ማሞቅም ማቀዝቀዝም የሚችል አለኝ» አለ ሻጩ።

«ማቀዝቀዝም?» የአባባ በረዶ ፊት በራ። ነገሩ በዚያው አለቀ።

ቤት እንደደረሱ ምራት መመሪያውን ልትገልጥ ስትል ነጠቋት። «ስለ ቴርሞስታት እኔን ነው የሚያስተምረኝ?» የሙቀት መለኪያውን ሽቦ ሳጥኑ ላይ አጣበቁ፣ ቁልፎቹን ጫን ጫን አደረጉና እጃቸውን አራግፈው ተቀመጡ።

በማግስቱ ባልና ሚስት ሥራ ከሄዱ በኋላ አባባ በረዶ ሳጥኑን ቢያዩ ክዳኑ ገለል ብሏል። እመቤት የለችም። ሶፋው ላይ ወጥተው ለምራታቸው ደወሉ።

«ወጥታለች!»

«ማን?»

«ማን ትሆናለች፣ እመቤት ናታ!»

«አይደንግጡ። ምንጣፉን ይንኩት እስቲ።»

«ከሶፋው ወርጄ?»

ወረዱ። ምንጣፉ በድን ሆኗል።

«በርዷት ነው የወጣችው» አለች ምራት። «ቤት ውስጥ የሚሞቅ ቦታ የት አለ?»

አባባ በረዶ ማሰብ አላስፈለጋቸውም። ፍሪጅ ከፊቱ ሲያቀዘቅዝ ከኋላው እንደሚሞቅ ያውቃሉ። ወጥ ቤት ገብተው ወደ ፍሪጁ ጀርባ አንገታቸውን ሰገግ ቢያደርጉ እመቤት የሞቀው ሞተር፣ ኮምፕሬሰሩ ላይ ተጠምጥማ ተመቻችታለች።

«እዚያው ትቆይ» አሉ።

«ሽቦ መሀል ብትገባስ? እኔ መምጣት አልችልም፣ የውሻ ቁስል እየሰፋን ነው። እጅዎን ከሥሯ አስገብተው ቀስ ብለው ያንሷት። አትናከስም።»

«እሷ ናት እንዲህ ያለችሽ?»

ፍሪጁን ከሶኬት ነቀሉ፣ የሥራ ጓንታቸውን አጠለቁ፣ ዓይናቸውን ጨፍነው እጃቸውን ሰደዱ። እመቤት ሳትቃወም መጣችላቸው፤ ከጓንቱ በላይ ያለውን ራቁት ክንዳቸውን አግኝታ ተጠመጠመችበት። የሚያዳልጥ ነገር ሲጠብቁ ደረቅና ለስላሳ ሆና አገኟት። አንድ ዓይናቸውን ገለጡ፤ ቆይተው ሌላውንም።

ምራት በምሳ ሰዓት እየሮጠች ስትመጣ አማቷ ሶፋው ላይ ቀጥ ብለው ተቀምጠዋል። እመቤት በእጅጌያቸው ገብታ በኮሌታቸው በኩል ራሷን ብቅ አድርጋለች።

«እንዳትስቂ» አሉ በሹክሹክታ። «አሁን ገና ነው የተረጋጋችው።»

ምራት ቴርሞስታቱን አየችው። የተሞላው ማቀዝቀዣው ላይ ነው፤ ሳጥኑ ሲቀዘቅዝ ምንጣፉን ያጠፋል።

«አባባ! እመቤትን ፍሪጅ ውስጥ ከተዋት ነበር እኮ!»

«እጄ ለምዶበት ነው» አሉ። «እኔ የለሁበትም።»

ከሰዓት በኋላ ሱቁ ተመልሰው «ማሞቅ ብቻ የሚያውቅ ስጠኝ» አሉ።

«ያኛው ምን ሆነ?»

«ምንም። ከኔ ጋር ጠባያችን አንድ ሆነና ተስማማን።»

በዚህኛው ጊዜ ምራት መመሪያውን ጮክ ብላ አነበበች፤ እሳቸው መነጽራቸውን አድርገው ገጠሙ፣ ክዳኑ ላይም መቀርቀሪያ ጨመሩ። ከዚያ ወዲህ ባለፉ ባገደሙ ቁጥር መስታወቱን በእጃቸው ጀርባ ነካ እያደረጉ «ለብ ብሏል» ማለት ልማድ ሆነባቸው።

በሳምንቱ መጨረሻ ምራት አይጥ በመቆንጠጫ ይዛ ሳጥኑን ስትከፍት ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዞሩ።

«ዋጠች?»

«ገና እያየችው ነው።»

«አሁንስ?»

«ዋጠች፣ አባባ!»

ዞር ብለው የእመቤትን ያበጠ ጉሮሮ አዩ፤ ከዚያ ስልካቸውን አንስተው ለልጃቸው ደወሉ።

«በላችልን!» አሉት፣ ማን እንደሆነች ሳይነግሩት።