ዶክተሩ ሲውጥ ለማየት

ጤና ጽሕፈት ቤቱ ለክሊኒካችን ሰሌዳ ላከ። የሦስቱ ሐኪሞች ስም ተጽፎበታል፤ ርካሹን መድኃኒት ላዘዘ አረንጓዴ ነጥብ፣ ውዱን ላዘዘ ቀይ ነጥብ ይለጠፍለታል። የመለጠፉ ሥራ ለእኔ ለካርድ ክፍሉ ሠራተኛ ተሰጠ። ወሩ ሲያልቅ የአንደኛው ዶክተር ስም ኩፍኝ የወጣበት ሕፃን መሰለ።

ዶክተሩ ደነገጠ። ከማግስቱ ጀምሮ ርካሹን ብቻ ማዘዝ ያዘ።

አክስቴ የእሱ ታካሚ ናት፣ የደም ግፊት አለባት። በቀይ ካርቶን የሚመጣው ክኒን ዋጋው ስለሚከብዳት አንድ ቀን ውጣ አንድ ቀን ትዘላለች። ዶክተሩ ነጩን ካርቶን ሲያዝላት ግን ወረቀቱን መለሰችለት።

«እማማ፣ ያው መድኃኒት ነው። በየቀኑ ካልዋጡ አንድ ቀን ወድቀው ይቀራሉ።»

«ያው ከሆነ ለምን ረከሰ?»

«ስሙ ስላልገነነ ነው።»

«ስም የሌለውን ነው ሆዴ የምታስገባው? አንተም ግፊት አለብህ ሲሉ ሰምቻለሁ። የቱን ነው የምትውጠው?»

ዶክተሩ ዞሮ ካርዷን ይዤ የገባሁትን እኔን አየኝ። እኔ ካርድ ማገላበጥ ጀመርኩ።

ዶክተሩ የጠረጴዛውን መሳቢያ በጉልበቱ ገፋ አደረገው፤ መሳቢያው ግን ልል ስለሆነ ተመልሶ ተከፈተ። ውስጡ ሦስት ቀይ ካርቶን። የመድኃኒት ሻጩ ያመጣለት ስጦታ ነው።

«በነጻ ስለመጣ ነው» አለ ቀስ ብሎ።

«ለእኔም በነጻ ቢመጣ ኖሮ መች እንጨቃጨቅ ነበር። በል ነጩን ዓይኔ እያየ ዋጥ። ካልሞትክ እኔም እውጣለሁ።»

ዋጠ። እሷም ዋጠች። ከዚያ ወዲያ በየጠዋቱ ሁለት ሰዓት ላይ ክኒኗን ይዛ በሩ ላይ ትቆማለች፤ እሱ ሳይውጥ አትውጥም። ወሬው ሰፈሩን አዳረሰና ግፊት ያለበት ሁሉ ነጭ ካርቶኑን ይዞ ይሰለፍ ጀመር። ዶክተሩ ብርጭቆ ሲያነሳ ሁሉም ያነሳሉ። ሰሌዳው አረንጓዴ ለበሰ። ጤና ጽሕፈት ቤቱም ልምድ እንዲቀስም አንድ ባለሙያ ላከ። ባለሙያው ሰልፉን አይቶ ማስታወሻ ያዘ፦ «የስኳሩንም፣ የአስሙንም፣ የጨጓራውንም ቢውጥላቸውስ?»

ዶክተሩ በዚያው ቀን የዓመት ፈቃድ ጠይቆ ወጣ።

እኔ ለአክስቴ ፈርቼ በማግስቱ ጠዋት ቤቷ ሮጥኩ። ስደርስ ክኒኗን ውጣ ብርጭቆ እያለቀለቀች ነው።

«ዶክተሩ የለም እኮ» አልኳት።

«አውቃለሁ። ትናንት ግፊቴን ተለክቼ ወርዷል፣ ከዚህ በላይ ምን ልይ?» አለችና እጇን አደራረቀች። «እኔን ያሳሰበኝ እሱ ነው። የሚያየው ሰው ከሌለ የሚውጥ ይመስልሃል?»